የሾፌሮቹ ጉርሻና የእኔ ጉልበት

ባለፈው ዓመት ለተዝካር ተጠርቼ ሸዋ ሮቢት ሄጄ ነበር። ሟቿ በወጣትነቴ ወጥ ቤት ሆኜ የሠራሁበት ሆቴል ባለቤት ናት። ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠች እኩያዬ ክንዴን ያዝ አድርጋ፣ “እጇ እኮ ሙሉ ነበር፤ አንቺን እንኳ እንዴት አድርጋ አወፍራ ይዛሽ ነበር” አለችኝ። በዙሪያዋ ያሉት ሁሉ እውነት ነው እያሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰው ተዝካር ነውና ዝም አልኩ። እዚህ ግን ድንኳን የለም፤ እናገራለሁ። የሟቿን ስም አልጽፍም፤ ከልጆቿ አፍ መግባት አልፈልግም። የራሴንም አልጽፍም። የሚያውቀኝ ያውቀኛል፤ የማያውቀኝ ባያውቀኝ ይሻለኛል።

ዘመኑ የንጉሡ ዘመን መጨረሻ ነው። ጎህ ሳይቀድ ከአዲስ አበባ የተነሳው የደሴ አውቶቡስ በደብረ ሲና አቆልቁሎ እኛ ዘንድ የሚደርሰው ስድስት ሰዓት ግድም ነበር። ተሳፋሪው ደጋ ላይ ሲጠቀለልበት የዋለውን ጋቢ ክንዱ ላይ ጥሎ፣ ላብ በላብ ሆኖ ይወርዳል። ምሳውን የሚበላው እሱ በመረጠው ቤት ሳይሆን ሾፌሩ ባቆመበት ቤት ነው። ስለዚህ የቤታችን ጌታ ሾፌሩ ነበር። ሾፌር በነጻ ይበላል፤ ቅልጥሙና ጎድኑ ተመርጦ ይቀርብለታል፤ ሲቆጣ ሁላችንም አንገታችንን እንደፋለን። በቀን ሦስት አውቶቡስ ይመጣልን ነበር። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆቴል ደግሞ ሦስቱንም እያየ ምራቁን ይውጣል።

እኔን እትዬ እንደ ማስታወቂያ ሰሌዳ ታቆመኝ ነበር። እትዬ የምላት ባለቤቲቱን ነው። የአውቶቡሱ ጥሩምባ ሲሰማ ሽርጤን ቀይሬ በረንዳው ላይ እንድቆም ታዛለች። ሰፊ ነበርኩ። ድሮ ወገቤን ሦስቴ ዞሮ ይታሰር የነበረው መቀነት አንዴ ዞሮ ለመቋጠሪያ እንኳ አልተርፍ አለኝ። መንገደኞቹ ሲያዩኝ፣ ወጥ ቤቷ እንዲህ ከሆነች ወጡማ ምን ሊሆን ነው እየተባባሉ ይገባሉ። ደስ አይለኝም ነበር ብል ውሸት ነው።

ነገር ግን ያወፈረኝ የእትዬ እጅ አይደለም። ሾፌሮቹ ናቸው። የጃንሆይ ፎቶግራፍ ከተሰቀለበት አዳራሽ ጀርባ ለሾፌሮች የተለየች ክፍል ነበረች። ሾፌሩ ሲቀመጥ እኔ ከወጥ ቤት እጠራለሁ፤ ትሪው ፊት አጎንብሼ አፌን እከፍታለሁ። ነገሩ እንደ ቀልድ ነው የተጀመረው፤ የሠራሽውን አንቺ ቅመሺና እናምናለን በሚል። እያደር ሥርዓት ሆነ። አንዱ ሾፌር ሁለት፣ ሌላው ሦስት ያጎርሰኛል። ከሦስቱ ትልቁ፣ ሌሎቹ የሚከተሉት ሰው፣ ጉርሻው የጭብጥ ያህል ነበር። ቅቤው በአገጬ እየወረደ፣ ዓይኔ እንባ አቅርሮ ስውጥ ጓደኞቹ ይስቃሉ። እምቢ ማለት የለም። የሰው ጉርሻ መመለስ እጁን መጸየፍ ነው፤ እጁን የተጸየፍሽበት ሾፌር ደግሞ ነገ አውቶቡሱን ማዶ ያቆማል። እትዬ ይህን ቀን በቀን ታስታውሰኛለች።

ጉልበቴ የጀመረኝ በደረጃው ነው። ከወጥ ቤቱ ወደ አዳራሹ የሚያወርዱ ሁለት ደረጃዎች ነበሩ፤ ወደ ኋላ ዞሬ፣ ግድግዳ ይዤ መውረድ ጀመርኩ። ማታ ማታ ጉልበቴ አብጦ ቆዳው ያብረቀርቃል። በመጨረሻ ጤና ጣቢያው ሄድኩ። እዚያ ያለው ቁስል የሚያጥብ፣ መርፌ የሚወጋ ድሬሰር ነው፤ ሕዝቡ ግን ዶክተር ነበር የሚለው። ጉልበቴን በጣቱ ጫን ጫን አድርጎ ምን እንደምሠራ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት። ከዚያ፣ “ጉልበትሽ የተሠራው ለአንዲት ሴት ነው፤ አንቺ ሁለት ጭነሽበታል” አለኝ። ስቤን ካልቀነስኩ፣ በየቀኑም አንድ ሰዓት ካልተራመድኩ ሁለት ዓመት ሳይሞላ ምድጃ ፊት መቆም እንደማልችል ነገረኝ።

ሳቄ መጣ። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቆሜ ነው የምውለው፣ ጭራሽ ተራመጂ ትለኛለህ አልኩት።

“ቆሞ መዋልና መሄድ አንድ አይደለም። በቅሎም ቆማ ስትውል ታብጣለች።”

በቅሎ ስላለኝ ተቀየምኩት። ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ባሌ ትቶኝ ሄዷል፤ ከአባቴ የደረሰኝ መሬት የለም፤ ያሳደግኩት ልጅ የለም። ያለኝ ቆሜ የምሠራበት እግር ብቻ ነበር። እሱ ከሄደ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ከሚቀመጡት እንደ አንዷ መሆኔ ነው።

የሮቢት ፀሐይ አንዴ ከወጣች መንገድ አታስሄድም። ስለዚህ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተነስቼ እስከ ወንዙ ሄጄ፣ እሳት ለማንደድ አሥራ ሁለት ሰዓት እመለስ ጀመር። አምስት ቀን አልቆየም። መጀመሪያ የወፍጮ ቤቱ ሰውዬ ማን ታመመ ብሎ ጠየቀኝ። ማንም አልኩት። በማግስቱ ሚስቱ ከበር ወጥታ በዓይኗ ሸኘችኝ። በዚያ አገር ሴት ልጅ እጇን እያወዛወዘች፣ ምንም ሳትይዝ በጠዋት ስትሄድ ሁለት ምክንያት ብቻ ነው የሚሰጣት፤ ወንድ ወይም ጠንቋይ። ለእኔ ወንዱን ሰጡኝ። ወንዝ ዳር ከሚያድሩት የጭነት መኪና ሾፌሮች አንዱን ይዛለች ተባለ። ለመክሳት ነው የምሄደው ብል ደግሞ እብድ ነበር የምባለው። ማን ሊከሳ ይሄዳል? ያን ጊዜ መክሳት የሚመጣው በበሽታ ወይም በረሃብ ነው።

ለአፋቸው ብዬ ባዶ እንስራ በጀርባዬ አዘልኩ። እንስራ ያዘለች ሴት ወዴት ነሽ አትባልም። በእርግጥም ወሬው ቆመ። ሞኝነቴ ግን እዚህ ላይ ነው።

የሆቴሉን ውሃ የምትቀዳው አንዲት የአርጎባ ሴት ነበረች። ከታች ከቆላው መንደር የመጣች፣ ቀጭን፣ ረዥም፣ ንግግር የማታበዛ። በቀን አራት ጊዜ ከወንዝ ትመላለሳለች። ጠዋት መንገድ ላይ ስንገናኝ የእኔን ባዶ እንስራ ታያለች፤ ምንም አትልም። እትዬም አየች። እሷ ግን ዝም የምትል ሴት አይደለችም። ከሄድሽ አይቀር ሞልተሽ ነያ አለችኝ። ሞላሁ። አንዱ ሁለት ሆነ፤ ከሰዓት በኋላም ጨመረችበት። በሁለተኛው ሳምንት ያቺን ሴት ከእንግዲህ አትምጪ አለቻት።

ሴትዮዋ እትዬን ትታ ወደ እኔ ዞረች። ወጥ ቤቱ በር ላይ መጥታ ቆመች፤ እኔ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነው።

“አንቺ ለመክሳት ነው የምትሄጂው፤ እኔ ለመብላት። ወላሂ፣ መንገዱ ለሁለታችን አይበቃም ነበር?”

እትዬ ናት ያልኩ ይመስለኛል። አላህ ይየው ብላ ሄደች። ይህን የምጽፈው ይቅርታ ለመለመን አይደለም። እኔ አላባረርኳትም። እንስራውን ያዘልኩት ግን እኔ ነኝ፤ ይህን ደግሞ ሌላ ሰው ከሚነግርብኝ እኔ ብናገረው ይሻላል።

የሞላ እንስራ ለጉልበቴ ምን እንደሆነ ለማወቅ ብዙ ቀን አልወሰደም። ድሬሰሩ አይቶኝ ተናደደ። ከሆድሽ አንስተሽ ጀርባሽ ላይ አደረግሽው እንጂ ምን ቀነስሽ ብሎ ገሠጸኝ። እትዬን የእንስራውን ነገር ተዪኝ ብዬ ለመንኳት። ውሃ ቀጂዋን መልሻት ብዬም ለመንኩ። አሁን እኮ ሁለት ሥራ ያለሽ ሴት ነሽ፣ ምን አጣሽ አለችኝ። ሾፌሮቹ ማጉረሱን እንዲተውኝ ንገሪልኝ ስላት ደግሞ ፊቷ ተለወጠ። እንግዳዬን እጅህን ሰብስብ ልለው ነው? አለችኝ።

መንገዱ ከተበላሸብኝ አፌን ልጠብቅ ብዬ ቆረጥኩ። ብልጠት መስሎኝ ጉርሻውን እየተቀበልኩ፣ በጉንጬ ይዤ፣ እያመሰገንኩ እወጣለሁ። ከወጥ ቤቱ ጀርባ፣ ከማገዶው ክምር ሥር እተፋዋለሁ። ሁለት ውሾች ሰዓቱን አውቀው ይጠብቁኝ ጀመር። ጾሙን ሁሉ፣ ፍስኩን ሁሉ እንዲያ አደረግኩ። መቀነቴ ሁለቴ ዞረ። ደረጃውን ፊት ለፊት ወረድኩ። እትዬ ምን ነካሽ፣ አመመሽ እንዴ እያለች ጎኔን ትመለከታለች። በረንዳ ላይ መቆሙን እየቀነሰችብኝ መጣች።

አንድ ቀን ትልቁ ሾፌር ካጎረሰኝ በኋላ እጁን የሚታጠብበት ውሃ አዳራሹ ውስጥ አለቀ። ወደ ጓሮ ወጣ። እኔ ጎንበስ ብዬ እየተፋሁ ነው፤ ውሾቹ እግሬ ሥር ናቸው። ቀና ስል በሩ ላይ ቆሟል። ቀኝ እጁ ወጥ እንደተቀባ ነው። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር።

“ለካ ይህን ሁሉ ጊዜ የማጎርሰው ውሻ ኖሯል” አለ። ቀስ ብሎ ነው ያለው።

ጋሼ፣ ጉልበቴን ታምሜ ነው፣ ሐኪም ከልክሎኝ ነው አልኩት። እውነቱን ለመጀመሪያ ጊዜ የተናገርኩት ያኔ ነው፤ ማንም አላመነኝም። ጉልበት የታመመ ሰው ጉሮሮው ምን ሆነ ብሎ ገብቶ ለጓደኞቹ ነገራቸው፤ ሳቁ። እሱ ግን አልሳቀም። በማግስቱ አውቶቡሱ ማዶ ቆመ። በሳምንቱ ሦስቱም ማዶ ቆሙ።

አሁን ተዝካሯ ላይ የሚያመሰግኗት እትዬ ያን ዕለት እንዲህ አለችኝ፦ “ከእኔ ቤት ከስቶ የወጣ ሰው የለም። አንቺ ከስተሽ የምትወጪው ስሜን ልታጠፊ ነው።” ከዚያ ሽርጤን ከወገቤ ፈታ ወሰደች። በእጇ ስትፈታው ከሥሩ መቀነቴ ሁለቴ መዞሩን አየች፤ ይህ ትንሽ አስደሰተኝ።

ማዶ ያለው ሆቴል ሄጄ ሥራ ጠየቅኩ። ባለቤቱ ከላይ እስከ ታች አየኝና፣ “እሷ ቤት እንዲህ ከሆንሽ እኔ ቤት ምን ልትሆኚ ነው? የከሳች ወጥ ቤት አይቶ ማን ይገባል?” አለኝ። ሙያዬን የጠየቀኝ የለም። አንዲት ወጥ አቅምሺኝ እንኳ አላለኝም።

ሥራ ያገኘልኝ ያው ድሬሰር ነው። ከወንዙ ማዶ የአንድ ባለርስት የሽንኩርት እርሻ ነበር፤ ለሠራተኞቹ ንፍሮና ሽሮ የምታበስል ሴት ይፈልጉ ነበር። እዚያ ማደሪያ የለም፣ ሰዓት ሙሉ ሄደሽ ሰዓት ሙሉ ትመለሻለሽ አለኝ። መድኃኒቱን በዚህ መንገድ ስለሰጠኝ እንደ ቀልድ ፈገግ ብሎ ነበር። እኔ አልሳቅኩም። በቅሎ ያለኝን አልረሳሁም።

በመጀመሪያው ጠዋት ከከተማው ስወጣ ከፊቴ አንዲት ቀጭን፣ ረዥም ሴት ትሄዳለች። አወቅኳት። ከሆቴሉ ከተባረረች ጀምሮ እዚያው እርሻ ሽንኩርት ትነቅል ኖሯል። ዞር ብላ አየችኝ፤ እርምጃዋን ጨመረች። እኔም ጨመርኩ። ልደርስባት አልፈለግኩም፤ ወደኋላ ቀረች እንድትልም አልፈለግኩም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ዘመኑ እስኪለወጥና እርሻው እስኪወረስ ድረስ፣ ጠዋትና ማታ፣ ሃያ እርምጃ ያህል ተራርቀን በአንድ መንገድ ሄድን። እሷ ፊት፣ እኔ ኋላ። ቀን እኔ የሠራሁትን ንፍሮ ትበላለች፤ ሳህኗን ስትዘረጋ ፊቴን አታይም። የመጀመሪያዎቹን ወራት በየማታው ጉልበቴን በሞቀ ጨው ውሃ እየዘፈዘፍኩ እሷን እረግም ነበር። እርምጃዋ የወንድ እርምጃ ነው። መቀነቴ ሦስቴ የዞረው ግን በእሷ እርምጃ ነው። ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም።

በአንዱ ክረምት ከሥራ ስንመለስ ከደብረ ሲና በኩል ሲዘንብ ውሎ ወንዙ ሞልቶ አገኘነው። ውሃው ገና እየጨመረ ነበር፤ ቀይ ነው፣ ድንጋይ ሲያንከባልል ይሰማል። እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች፤ እስከ ጭኗ ደረሰ፤ ተሻገረች። እኔ ዳር ላይ ቆምኩ። ጉልበቴን አሰብኩ። ያን ጉልበት ይዤ እዚያ መሃል ብንበረከክ የሚያነሳኝ አልነበረም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ዞር ሳትል ትሄድ ነበር። ያን ቀን ግን ማዶ ዳር ላይ ቆማ ዞረች፤ ፊቷን ሙሉ ወደ እኔ አድርጋ።

“እግርሽ ከያዘ ተሻገሪ” አለችኝ። “ካልያዘ እዚያው እደሪ። እኔ አልሸከምሽም።”

ከወጥ ቤቱ በር በኋላ የተናገረችኝ የመጀመሪያው ቃል ነው። ነጠላዬን ወገቤ ላይ አስሬ ገባሁ። ውሃው ገፋኝ፤ ድንጋዩ ከተረከዜ ሥር ተንሸራተተ፤ ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ፣ አልታጠፈም። ሌላ እርምጃ፣ ሌላ እርምጃ። ዓይኗን ከእግሬ አልነቀለችም። ዳር ስደርስ እጇን አልዘረጋችልኝም፤ እኔም አልጠበቅኩም።

ቀሚሴን ጨምቄ ቀና ስል ሃያ እርምጃዋን ቀድማ ሄዳለች። ተከተልኳት።