ነፋስ የሌለበት ሰማይ

ሻምበል ተሬፋ ጎጆ በምትባለው ከተማ የአንድ ድንች ገበሬ ልጅ ነው። አብራሪ ሆኖ ብዙ ዓመት በረረ። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ሲቃጠል በጃንጥላ ዘለለና ወገቡን ተጎዳ። ከዚያ ወዲያ መብረር ተከልክሎ ዕጩ አብራሪዎችን ያስተምር ጀመር።

በ1979 ዓ.ም. ነዳጁ ሁሉ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ይሄድ ስለነበር፣ ዕጩዎቹ የመለማመጃ አውሮፕላኖቹን አቧራ ከመጥረግ ሌላ ሥራ አልነበራቸውም።

በዚያ ክረምት ተሬፋ ፈቃድ ወጥቶ አምቦ ቤቱ ገባ። ባለቤቱ ድንቅቱ ለአንድ ፈረንጅ የበቆሎ ባለሙያ ክፍል አከራይታ ነበር። ሰውየው አገሩ ሲመለስ ኮምፒዩተሩን ትቶላቸው ሄዷል። ውስጡ የአውሮፕላን ጨዋታ ነበረበት፤ ተራራው ሦስት ማዕዘን፣ ማኮብኮቢያው ሁለት መስመር። ተሬፋ አይቶ ሳቀ። ቁልፎቹን ሲነካካ ግን የከፍታ መለኪያው ልክ እንደ እውነተኛው ወጣ፣ ወረደ። ድንቅቱ ምሳ አቅርባ ብትጠራው አልሰማትም።

ኮምፒዩተሩን ይዞ ወደ ጦር ሰፈሩ ተመለሰ። ዕጩዎቹ በተራ እየተቀመጡ መለኪያዎችን ማንበብ ተማሩ። ከሁሉም የፈጠነው ሌንጮ ነበር፤ እናቱ ሲንቄ አምቦ የምትኖር፣ እሱም አንድ ልጇ።

«ሻምበል፣ ይሄ እኮ ወድቆም ይነሳል» አለ ሌንጮ እየሳቀ።

«ለዚህ ነው ጨዋታ የሚባለው። አንተ እንዳትለምደው» አለው ተሬፋ።

የሰፈሩ አዛዥ ኮሎኔል ወሬውን ሰምቶ መጣ፣ አየ፣ ፎቶ ተነሳ። ብዙም ሳይቆይ ትእዛዝ ወጣ፤ በኮምፒዩተሩ ላይ የተሠራው ሰዓት እንደ በረራ ሰዓት ይቆጠር ተባለ።

ተሬፋ ቢሮው ድረስ ሄደ።

«ጓድ ኮሎኔል፣ ይሄ ዓይንን ያስተምራል እንጂ ሰውነትን አያስተምርም። ወንበሩ አይናወጥም። የጎን ነፋስ የለበትም። እነዚህ ልጆች ሰማይ ላይ መውጣት አለባቸው።»

«ያመጣኸው አንተ ነህ» አለ ኮሎኔሉ። «ግንባሩ አብራሪ ይፈልጋል፣ እኔ ነዳጅ የለኝም። አሁን ደግሞ አይረባም ልትለኝ ነው?»

ተሬፋ ልጆቹን ለምረቃ አላቀርብም አለ። ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት አዛወሩትና በሌላ ሰው አስመረቋቸው። ሌንጮ የአብራሪነት ክንፍ ምልክቱን ደረቱ ላይ ለጥፎ፣ ደስታው ፊቱ ላይ እየፈካ፣ ሊሰናበተው መጣ። ተሬፋ ሊያስፈራው አልፈለገም። «ነፋስ ሲመጣ መሪውን አትልቀቅ» ብሎ አቅፎ ሸኘው።

ሌንጮ ሰሜን በገባ በጥቂት ሳምንት፣ በአንድ ጠባብ ሜዳ ላይ ሊያርፍ ሲል ነፋስ ከጎን ገፋው። ክንፉ መሬት ነካ። አውሮፕላኑ ተገለበጠና ተቃጠለ።

ለእናቱ መርዶ ነጋሪ ሆኖ የተላከው ተሬፋ ነው። የቀበሌው ሊቀመንበርም አብሮት ገባና «ጠላት መትቶት በጀግንነት ወደቀ» ሲል ተናገረ። ሲንቄ የምትሄድበትን የወንጌላውያን ቤተ ክርስቲያን መንግሥት ካሸገው ዓመታት አልፈው ነበር፤ ምእመናኑ እሷ ቤት ግድግዳ ታክከው ተቀምጠው፣ ውጭ እንዳይሰማ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዘመሩ።

ሊቀመንበሩ ሲወጣ ሲንቄ ወደ ተሬፋ ዞረች።

«ኦቦ ተሬፋ፣ ያስተማርከው አንተ ነህ። የዋቃን፣ የፈጣሪን ስም ይዘህ እውነቱን ንገረኝ።»

ነገራት። ስለ ኮምፒዩተሩም፣ ስለ ትእዛዙም፣ ስለ ነፋሱም አልደበቀም። 

«በጨዋታ አስተምራችሁ ነው ልጄን የላካችሁት?» አለች።

«እኔ እኮ እምቢ ብዬ…»

«ጨዋታውን ያመጣው ማን ነው?»

ተሬፋ ቆቡን አንስቶ ወጣ።

በ1983 ዓ.ም. ጦሩ ሲበተን ሲቪል ልብስ ለብሶ አምቦ ገባ። ሲያስተምሩ የኖሩት እጆቹ አሁን በአንድ ወፍጮ ቤት የሞተር ቀበቶ ያጠብቃሉ። ሲንቄ በቆሎዋን ይዛ ትመጣለች። «አካም ቡልቴ?» ብሎ እንዴት እንዳደረች ይጠይቃታል፤ እሷም ወጉን ጠብቃ ትመልስለታለች። ዱቄቷን ግን ከእሱ እጅ አትቀበልም፤ ሌላው ሠራተኛ እስኪመጣ ቆማ ትጠብቃለች።