የተባረሩ አሰልጣኞች ጣውላ

የእኛ ቡድን አሰልጣኝ ያባርራል እንጂ አያሰናብትም። ጆሃንስበርግ ዙሪያ ባሉት የጥቁሮች ሰፈሮች፣ በየታውንሺፑ፣ ስፓዛ የሚሏትን ትንሽ ሱቅ ከፍተን የምንሸጥ ሐበሾች እሁድ እሁድ የምንጫወትበት የእግር ኳስ ቡድን ነው። አሰልጣኝ ሲያስጠላን እጅ አውጥተን እናወርደዋለን። ሜዳው ዳር በለስላሳ ሳጥኖች ላይ የተጋደመች ጣውላ አለች፤ የወረደው እዚያ ይቀመጣል። ከዚያ በኋላ ሥራው ተተኪውን መጨቅጨቅ ነው።

ስንቱ አለፈባት! የመጀመሪያው አሰልጣኝ የሆነው ኳሱ የሱ ስለነበር ነው። ቀጥሎ የመጣው ወንጌላዊ በእረፍት ሰዓት ጸሎት ይጀምርና ዳኛው ፊሽካ ሲነፋ ገና አሜን አላለም። ሦስተኛው ከስልኩ ላይ ስልት እያጠና መሬት ላይ ቀስት ሲስል እኛ በብርድ እንንቀጠቀጣለን። ከዚያ ጋሼ መጡ። መሀል ከተማ የጅምላ መደብር አላቸው፤ ሁላችንም ዕቃ የምናነሳው ከሳቸው ነው። "ክንፉን ክፈቱት! ወላሂ አብዳለሁ!" ሲሉ አስፋልት ላይ ያለ ታክሲ ይቆማል።

ሽንፈት ሲደጋገም እሳቸውንም አወረድናቸውና እኔ ተመረጥኩ። የአሰልጣኙን ፊሽካ ራሳቸው አንገቴ ላይ አጠለቁልኝ። ሄደው ጣውላዋ ላይ ተቀመጡ፣ እግራቸውን አነባበሩና "እንግዲህ እናያለን!" አሉ።

ምኑን ያዩታል? በዚያው ሳምንት በኮሮና ምክንያት አገሩ ተዘጋ።

ኦሬንጅ ፋርም ታውንሺፕ ያለችው ሱቄ ውስጥ ከፍርግርጉ ጀርባ ቀረሁ። ገበያ አልጠፋም፣ እኔ ግን መቀመጥ አቃተኝ። የበቆሎ ዱቄቱን ተከላካይ፣ ሳሙናውን አማካይ እያደረግኩ መደርደሪያውን አፈርሳለሁ፣ መልሼ እደረድራለሁ። ደንበኛዬ የሆኑ አንዲት አሮጊት በዙሉኛ ሰላም እያሉ "ሳውቦና ማይ ፍሬንድ፣ ሳሙናዬን ዛሬ ደግሞ የት አደረስከው?" ይሉኛል። ቀኝ ክንፍ ላይ ነው ልበላቸው?

ጋሼም አላስቀምጥ አሉኝ። በስልክ ግሩፓችን ለሌለ ጨዋታ የድምፅ መልእክት ይልካሉ። ርዝመቱ ደግሞ! "አንተ፣ ያንን ልጅ ግራ ላይ እንዳታሰልፈው፣ ነግሬሃለሁ!"

"ጋሼ፣ ሜዳው እኮ ዝግ ነው" እላቸዋለሁ።

"ይከፈታላ! ያን ጊዜ ምን ልትሆን ነው?"

በገንኩ። ኧረ እኔ መቼ ነው አሰልጣኝ የምሆነው?

አንድ ሳምንት መልእክቱ ቀረ። ባለቤታቸው ደወሉልኝ፤ ኮሮና ይዟቸው ሆስፒታል ገብተዋል፣ የሚተነፍሱት በኦክስጅን ነው፣ ጠያቂ አይገባም። እዚያች ጠባብ ሱቅ ውስጥ ተንቆራጠጥኩ። ስልኬን አነሳለሁ፣ አስቀምጣለሁ። ደንበኛ ዳቦ ሲለኝ ወተት እሰጣለሁ። ወንጌላዊው ግሩፑ ላይ "እንጸልይ" አለ፤ ሙስሊሞቹም ዱዓ ያዙ። እኔ ጸሎቱም አልመጣልህ ሲለኝ ያንን የሚያናድደኝን መልእክት ከፍቼ ሰማሁት። "ክንፉን ክፈት!" ይላሉ። እንባዬ መጣ። ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። እሳቸው ከሞቱ ያቺን ጣውላ በምን ዓይኔ አያታለሁ?

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ወጡ። ባለቤታቸው ግን "ሳንባው ተጎድቷል፣ እንዳይናገር ተከልክሏል። ድምፁ ይመለስ አይመለስ ሐኪሙም አላወቀም" አሉኝ።

ቆይቶ ሜዳ ተከፈተ፤ ተመልካች ግን አይገባም ተባለ። ከአይቮሪ ፓርክ ነጋዴዎች ጋር ገጠምን። ጣውላዋ ባዶዋን ተጋድማለች። ስመኘው የነበረው ጸጥታ መጣልኝ፤ ምን ላድርግበት? ልጆቹ ሱቅ ተቀምጠው ወፍረዋል፣ ትንሽ ሮጠው ያለከልካሉ። ቢሆንም አንድ ለባዶ እየመራን ነበር። እኔ ከጫፍ ጫፍ እመላለሳለሁ፣ አሁንም አሁንም ወደ ጣውላዋ እዞራለሁ።

ድንገት ከአጥሩ ውጭ ክላክስ ተነፋ። ጋሼ ዕቃ የሚያመላልሱባት ነጭ ፒክአፕ፣ ባኪዋ ናት። ክላክሱ አላቆም ሲል ዳኛው ጨዋታውን አቋረጠ። እየሮጥኩ ሄድኩ። መሪውን የያዙት ባለቤታቸው ናቸው፤ ጋሼ ከጎን ተቀምጠው፣ ከስተው፣ ማስክ አድርገው፣ አንድ እጃቸውን አሻግረው ክላክሱን ይጫናሉ። ሌላውን እጃቸውን ወደ ጎን ይዘረጋሉ። ክንፉን ክፈት ማለታቸው ነው።

"ጋሼ፣ እየመራን ነው እኮ!"

ክላክሱ ጮኸ።

"አሰልጣኙ እኔ ነኝ!" ብዬ ጮህኩባቸው፤ እየጮህኩም አለቅሳለሁ። ተመልሼ ክንፉን ከፈትኩት። መሀሉ ባዶ ቀረ። አይቮሪ ፓርኮች በዚያ ገብተው አገቡብን፣ ደገሙን። ተሸነፍን።

ጨዋታው ሲያልቅ ወደ ባኪዋ ሄድኩ። መስኮቱ ዝቅ አለ። ጋሼ አንድ ነገር ሊሉ ሞከሩ። ባለቤታቸው "ኧረ ተው፣ አትናገር!" አሉ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። ድምፁ ቀጥኗል፣ ይቆራረጣል፣ ግን የሳቸው ነበር።

"ማን ስማኝ አለህ? በቃ፣ ተባርረሃል።" ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ና... ጣውላዋ ላይ ጠጋ እልልሃለሁ።"