የሦስት ክብሪት መታጠፊያ

ዛሬ ጠዋት መለኪያዬን አቃጠልኩት። ጅዳ ያለችው የልጅ ልጄ «አባባ፣ የዚያን የመርከብ ጨዋታ ሕግ ጽፈው ይላኩልኝ» ብላኝ፣ የባሕር ዛፍ ቅርፊት መርከቦቼን ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ እርምጃቸውን በአንዲት የክብሪት እንጨት እየለካሁ ስጽፍ አረፈድኩና፣ ሻይ ሲያምረኝ ያችኑ እንጨት አንስቼ ቡታጋዙን ለኮስኩባት። የተማረ ሽማግሌ ማለት እኔ ነኝ። የድኙ ሽታ ግን አፍንጫዬን ሲነካው፣ ወስዶ ከታላቅ እህቴ ከዘይነብ ፊት አስቀመጠኝ።

ክረምት ነበር። የመካነ ሰላም መንገድ በጭቃ ተዘግቶ፣ ባሕር ቀርቶ ሐይቅ ያላየን ሁለት ልጆች ሰሌን ላይ ተደፍተን መርከብ እንነዳ ነበር። ሕግ አውጪዋ ዘይነብ ነበረች። ጥማድ በሬ ከማሳው ጫፍ ሲዞር አይታ «ከባድ ነገር በቆመበት አይዞርም» ብላ፣ መርከብ ሦስት ክብሪት ቀጥ ብሎ ሳይሄድ እንዳይታጠፍ ደነገገች። የሰሌኑ ጠርዝ የብስ ነው፤ የነካው ይሰበራል። የምንለካው በየራሳችን ክብሪት ነበርና፣ እኔ በበኩሌ ቶሎ እንድታጠፍ ክብሪቴን በስውር በጥርሴ ቆርጬ አሳጥሬ ነበር።

አባታችን መንገዱ ሲከፈት ወረኢሉ የሚወስደው አንዳችንን ብቻ ስለነበር፣ በመርከብ ጅዳ ደርሶ የተመለሰው አጎታችንም ወረኢሉ ስለሚኖር፣ ሂያጁ በጨዋታ ይለይ ተባባልን። የዘይነብ መርከብ ጠርዙ ጋ ሲደርስ ለመታጠፍ ግማሽ ክብሪት ጎደለውና ተሰበረ፤ የኔው እዚያው ላይ እንደ ፍየል ዞረ። አላለቀሰችም።

«ሂድ እሺ፤ ግን አጎቴን ጠይቅልኝ፣ መርከብ ወደ ኋላ ይሄዳል ወይ?»

ወደ ኋላ ከሄደማ መርከቧ አይሰበርም ነበር።

ጥቅምት ላይ ወረኢሉ ገባሁ። አጎቴ ስለ ባሕሩ ሲያወራ፣ እኔ የሰጠኝን ተምር ስጎርስ፣ ጥያቄዋን ረስቼው ተመለስኩ። ዘይነብ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለህ?»

«አይሄድም አለ።»

አመነችኝ። ሕግም አደረገችው፤ ከዚያ በኋላ በየክረምቱ ስንት መርከቧን በዚያች ሕግ ሰበረች።

ባለፈው ዓመት የልጅ ልጄ በላከችልኝ ቪዲዮ ላይ፣ ኮረብታ የሚያህል መርከብ ቀስ እያለ ወደ ኋላ እየሄደ ከወደቡ ሲወጣ አየሁ። ያኔ መልሱ ወረኢሉ ነበር፣ ጭቃው እስኪደርቅ ይጠበቅ ነበር፤ ዛሬ ኪሴ ውስጥ ነው። ዘይነብ አቀስታ ከተማ ሆና ጁምዓ ጁምዓ ትደውላለች፤ ስለ ጉልበቴ ትጠይቀኛለች፣ «አልሐምዱሊላህ» ብዬ እዘጋለሁ። ለልጅቱ የጀመርኩት ወረቀትም እዚያች «አይሄድም» የምትል ሕግ ላይ ቆሟል፤ ለእህቴ አንዲት «ይሄዳል» አለብኝ።