ስድስት ኩላብ

በ1995 ዓ.ም. የካቲት ወር፣ መንዝ ውስጥ፣ የአባቴ አዲስ ቤት ግድግዳ እኔ የለመንኳቸው ስድስት የወይራ ኩላቦች ሳይገቡበት ተገንብቶ አለቀ። በደሉ ይህ ነው፤ አላሳንሰውም፣ አላገዝፈውምም።

በአገራችን ቤት የሚሠራው በድንጋይና በጭቃ ነው። ሸክም የሚችል ኩላብ ድንጋዩ ሲደረደር አብሮ ይቀበራል፤ አንድ ክንድ ያህል ወደ ውስጥ ገብቶ ከላዩ ድንጋይ ይጫንበታል። ግድግዳው ካለቀ በኋላ የሚመታ ምስማር ከጭቃ በቀር የሚይዘው የለም። ይህን ስለማውቅ ከዩኒቨርሲቲ ለአባቴ ጻፍኩ፦ ለእኔ በተባለችው ክፍል ሦስት ከታች፣ ሦስት ከላይ ይቀበሩልኝ፤ በላያቸው የሚጋደመውን የመጽሐፍ መደርደሪያ ሳንቃ እኔ አመጣለሁ።

ትምህርቴን ጨርሼ ሐምሌ ላይ ሁለት ሳንቃና ሦስት ጆንያ መጽሐፍ ከመሐል ሜዳ ከተማ በአህያ አስጭኜ ደረስኩ። ግድግዳው ተለስኗል። ኩላብ የለም። በሥሩ የታላቅ ወንድሜ የገብስ ጎታዎች ከዳር እስከ ዳር ተደርድረዋል።

አባቴን ጠየቅኳቸው።

«እንዴ፣ ልጄ! ደብዳቤሽ ሲነበብልኝ ‹ደህና ነኝ፣ ፈተና ደርሷል› ነው የሚለው። ኩላብ ብትይኝ ግንበኛው ራስ ላይ ቆሜ አስቀብርልሽ አልነበር?»

አባቴ ማንበብ አይችሉም። የሚያነብላቸው ወንድሜ ነበር።

እሱም ሳቀ። «አንቺ ምሁር፣ ግድግዳ እንደ ጥቁር ሰሌዳ እያጠፉ የሚጽፉበት መሰለሽ? በይ መዶሻውን እንኪ፣ ምስማር እንደሆነ ሞልቷል።»

መዶሻውን ተቀብዬ አንድ ምስማር መታሁ። በሦስተኛው ምት ልስኑ ተገምሶ ወደቀ፤ በአራተኛው አንድ ድንጋይ ከቦታው ተንቀሳቀሰ።

«ተይ ልጄ፣ ቤቱን አታፍርሽብኝ» አሉ አባቴ፤ ድምፃቸው ይለምን ነበር።

መዶሻውን አስቀመጥኩ። አባቴን ከቤታቸው ጋር ላጣላቸው አልችልም፤ ጎታውንም ብቻዬን አላነሣውም። መጽሐፎቼ ክረምቱን በጆንያ እንደታሰሩ እርጥብ መሬት ላይ ከረሙ። መስከረም ላይ ስፈታቸው ከሥር የነበሩት ገጽ ከገጽ ተጣብቀው እንደ ቂጣ ደርቀዋል። አንዱን በቢላ ልከፍት ሞከርኩ፤ ፊደሉ ከቢላው ጋር ተላጠ።

ወንድሜ፣ ይቅርታህን አልፈልግም፤ ምክንያትህንም ጎታዎችህ ነግረውኛል። ደብዳቤው ሁለት ቅጠል ወረቀት ነበር፤ ስለ ኩላቡ የጻፍኩት በሁለተኛው ላይ ነው። አባታችን ፊት ተቀምጠህ የመጀመሪያውን አንብበህ ስትጨርስ፣ ሁለተኛውን ቅጠል የት አደረግኸው?