ለቼዝ የተገዛው ፕሮሰሰር

ኮምፒውተር ጠጋኙ «ሚያዝያ አሥር ነበር» ይላል፤ ትንሽ ያስብና ደግሞ «አይ፣ መጋቢትም ሳይሆን አይቀርም» ይላል። የሴትዮዋ ነገር ግን ዛሬም ከዓይኑ አልጠፋም። ሰባን የደፈኑ፣ የሹራባቸው ክርን በሌላ ቀለም ክር የተጣፈ፣ ኮምፒውተራቸውን በትራስ ልብስ ከትተው የመጡ እናት ነበሩ።

«ይሄን አዲስ ፕሮሰሰር ግጠምልኝ፣ ልጄ። ባለቤቴ ማሽኑን በቼዝ ሲያሸንፈው አምስት ዓመቱ፤ ጉራው መቆሚያ አጣ። ፈጠን ያለ አንጎል ይግባለትና አንድ ቀን እንኳ ማሽኑ ይርታልኝ።»

ጠጋኙ ገጠመው፤ ስክሪኑ ግን እንደጨለመ ቀረ።

«እናቴ፣ ሶኬቱ ልክ ነው፤ ዋናው ሰሌዳ፣ ማዘርቦርዱ ግን አዲሱን አያውቀውም። ማዘርቦርዱን መቀየር ሊኖርብዎት ነው።»

«ቀስ በል እንጂ! የሚያውቀውን አሮጌውን መልስበት፣ የቦርዱን ሶፍትዌር አድስ፣ ከዚያ አዲሱን አስገባ። እንግዳን የሚያስተዋውቀው ነባር አይደል?»

እያፈረ እንዳሉት አደረገ። ስክሪኑ ቦግ ብሎ የአዲሱን ስም ጻፈ። ሴትዮዋ ሲያጨበጭቡ ጣቶቻቸው ላይ የቆዩ የኤሌክትሮኒክስ ብየዳ ጠባሳዎች ታዩት። «እርስዎ ይሄን ሙያ የት ነው…» ብሎ ሳይጨርስ፣ ማሽናቸውን ታቅፈው ከበሩ ወጥተዋል።

«ባለቤቴ ከእንቅልፉ ሳይነሣ ልድረስ!»