ሬዲዮው ዝም ያለ ቀን

ዝምታ ወርቅ ነው የሚሉ ሰዎች የፍሳሽ ጉድጓድ ወርደው አያውቁም። እኔም አልወረድኩም፤ ግን የጓሮዬን ጉድጓድ አስራ አንድ ዓመት ሙሉ ሁለት ወንድማማቾች ሲያጸዱልኝ ቆሜ አይቻለሁ።

ታላቅየው ቁጥብ ነው፤ ካልተለመነ አይናገርም። ታናሽየውን ግን ሰፈሩ በሙሉ «ሬዲዮ» ነበር የሚለው። ስሙን ያወጣለት ሥራው ነው። መጣጭ መኪናው ቀጭን ቀጭኑን ስቦ ሲሄድ ዝቃጩ ከታች ደርቆ ይቀራል፤ ያንን በአካፋ እያፈሰ በባልዲ የሚልክ ሰው ያስፈልጋል። ታናሽየው ከሲታ ስለሆነ ገመድ ወገቡ ላይ ታስሮለት ይወርዳል፤ ታላቅየው ከላይ ሆኖ ገመዱን ይይዛል። ሕጋቸው አንድ ነበረች፦ የወረደው ሰው አፉን አይዘጋም። እዚያ ታች ያለው ጋዝ ሰውን የሚጥለው ሳያስጠነቅቅ ነው። ስለዚህ ድምፅ ከተቋረጠ ገመዱ ይሳባል፤ ምን ሆነህ ነው የለ፣ ቆይ የለ።

ሬዲዮ ታዲያ ከመሬት በታች ሆኖ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ይለቀዋል። እኔንም አይምረኝም ነበር። «እትዬ፣ ይሄ ሁሉ የርስዎ ብቻ ነው? ኧረ እራት ይቀንሱ!» ይለኛል። እኔም ከላይ ሆኜ «አፍህን ዝጋ፣ ባለጌ!» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ እግዜር ይወቀው።

ያን ቀን ጠዋት ሁለቱም ፊታቸውን አጥቁረው መጡ። ታናሽየው ልብሱን ሊቀይር ዞር ሲል ታላቅየው ሳልጠይቀው ነገረኝ። ወንድሙ የመጀመሪያ ልጁን ወልዷል። ታላቅየው ሦስት ጊዜ በሳሙና ታጥቦ፣ ንጹሕ ኮቱን ለብሶ ሊጠይቅ ሄደ። ልጁን ለማቀፍ እጁን ሲዘረጋ አራሷ ወደ ደረቷ አስጠጋችውና «ጋሼ፣ ገና ጨቅላ ነው፤ ሽታው እንዳይዘው» አለችው።

«ወንድምህስ ምን አለ?» አልኩት።

«ምን ይላል? መሬት መሬት አየ። እሱ ምላስ ያለው ጉድጓድ ውስጥ ብቻ ነው።»

ከዚያ ወዲህ አራት ቀን አልተነጋገሩም። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይሄዳሉ፣ ቃል የለም።

የራሴንም ልናገር። የጉድጓዱን ክዳን ከዋዜማው ከፍቼ ጋዙ ሲወጣ እንዲያድር ነግረውኝ ነበር። ሽታው ቤቴን ይሞላዋል ብዬ የከፈትኩት እነሱ ከመምጣታቸው ትንሽ ቀደም ብዬ ነው። ሲጠይቁኝ «ተከፍቶ አድሯል» አልኳቸው።

ታናሽየው ወረደ። ሁለት ባልዲ ሙሉ መጣ። ከታች የአካፋ ድምፅ እንጂ የሰው ድምፅ አልነበረም።

«ዛሬ ደግሞ ሬዲዮው ባትሪ ጨረሰ እንዴ?» አልኩ።

ታላቅየው ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ጉድጓዱ አፍ ላይ ተቀምጧል። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም። «አኩርፎ ነው፤ ይተዉት። እሱ ሳይጠራኝ አልጠራውም።»

«እንግዲህ ማን እንደሚቀድም እናያለን!» ብዬ ሳቅኩና የታጠበ ልብሴን ከገመድ ላይ ላወርድ ሄድኩ። አንሶላውን አጠፍኩ። የትራስ ልብሶቹን አጠፍኩ። ስመለስ ታላቅየው እንዳለ ነው። ባልዲው አልመጣም። የአካፋውም ድምፅ የለም።

ያኔ ነው ልቡ የነገረው። «አንተ!» አለ። ትንሽ ጠብቆ ሌሎቻችን የምንጠራበትን፣ እሱ ግን ጠርቶበት የማያውቀውን «ሬዲዮ!» አለ። በመጨረሻ እናታቸው ያወጣችለትን ስም እየጮኸ ገመዱን መሳብ ጀመረ። ጎረቤት በጩኸቱ ደርሶ አራት ሆነው ሳቡት። ሲወጣ ሰውነቱ ገና ይሞቃል፣ ትንፋሽ ግን የለውም። ታላቅየው ትከሻውን ይዞ ይነቀንቀዋል። «ተናገር! ስደበኝ! እኔ ነኝ ያጠፋሁት፣ ስደበኝ እንጂ!» ይላል። እኔ ከነአንሶላዬ ቆሜያለሁ። ስለ ክዳኑ ያን ቀን አልነገርኩትም፤ እስከ ዛሬም አልነገርኩትም። ፈሪ ነኝ።

ከቀብር መልስ እቤታቸው ቁጭ ብለናል። ታላቅየው ጥግ ይዞ ያንኑ ንጹሕ ኮቱን ለብሷል። የሟች ሚስት ተነሥታ መጣችና ልጁን እቅፉ ውስጥ አስቀመጠችለት። እጁን እንዲታጠብ አልጠየቀችውም። እሱ ግን መዳፉን ኮቱ ላይ ደጋግሞ ጠረገ።

ልጁ እንቅልፍ ወስዶታል። ታላቅየው ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ ልጁ አፍ አስጠጋ። ቆየ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ፤ ፊቱ አመድ መስሏል።

«እትዬ፣ ዝም አለ እኮ።»

«ተኝቶ ነው» አልኩት።

አላመነኝም። የልጁን ጭን ቆነጠጠው። ልጁ ቤቱን በጩኸት ሞላው፤ እናትየው ደንግጣ ልትቀማው ሮጠች። እሱ አልለቀቀም። እንባው በጺሙ ላይ እየወረደ፣ ደረቱ ላይ ለጥፎት ይወዘውዘዋል።

«ጎሽ የኔ ልጅ፣ እንዲያ ነው» ይላል። «አፍህን እንዳትዘጋ።»