የ1943 ሞዴል

ቂርቆስ ባለው ኮንዶሚኒየማችን ጋሽ ጦይብ ይመርን የማያውቅ ነዋሪ የለም። የሚሠሩት ሥራ ምን እንደሆነ ጠንቅቀን የምናውቅ ግን ከሁለት አንበልጥም፤ አንደኛዋ ባለቤታቸው እትዬ ነፊሳ፣ ሁለተኛዋ ጎረቤታቸው እኔ። የቀረው ሰው «አሻንጉሊት የሚገጣጥሙት ሽማግሌ» ብሎ ያልፋቸዋል። ስሙ እኔን ያበሳጨኝ ነበር። እርሳቸው ግን እስካለፈው ሚያዝያ ድረስ በዚህ ስም ሲከፋቸው አይቼ አላውቅም።

ጋሽ ጦይብ የሚሠሩት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሶቪየቶች ያበሯቸው የነበሩትን አውሮፕላኖች አምሳያ ነው፤ ከእውነተኛው መጠን ሰባ ሁለት እጅ ያነሰ። ክፍሎቹ ተነጣጥለው በካርቶን ይመጣሉ። ከመካከላቸው ከጤፍ ፍሬ እምብዛም የማይበልጡ አሉ። እያንዳንዷ ተቆርጣ፣ ተሞርዳ፣ ተቀብታ፣ በወረንጦ ተይዛ ከቦታዋ ትገባለች። አንዱ አውሮፕላን አራት ወር የፈጀባቸው ጊዜ አለ። ይህን አሻንጉሊት የሚል ሰው መርፌ ላይ ክር አስገብቶ አያውቅም።

ወረባቦ ተወልደው ያደጉት ካዛንቺስ ነው። በሃያ ሦስት ዓመታቸው፣ የአየር ኃይል ባልደረባ ሳሉ፣ የአውሮፕላን አካል ጥገና እንዲማሩ ወደ ሶቪየት ኅብረት ተላኩ። እዚያ ያስተማረቻቸው ታማራ የምትባል ሴት ነበረች። በጦርነቱ ዘመን፣ በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ፣ በጥይት ተበሳስተው የሚመለሱ አውሮፕላኖችን ስትጠግን የኖረች ናት። በእጇ ያለፉት አምስት ዓይነት ነበሩ። ጋሽ ጦይብ ሲመረቁ የመጀመሪያውን ካርቶን የሰጠቻቸው እርሷ ናት። «አምስቱም በእጅህ ሳያልፉ የታማራ ተማሪ ነኝ እንዳትል» አለቻቸው። ቀልዷን ነበር። ጋሽ ጦይብ ግን የመምህር ቃል ቀልድ የለውም ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው።

መንግሥት ሲለወጥ ሠራዊቱ ተበተነ። አውሮፕላን ለመጠገን የሠለጠኑ እጆች ቄራ ወርደው ሃያ ስድስት ዓመት የተጨረማመተ የመኪና ላሜራ ሲያቃኑ ኖሩ። ካርቶኖቹን መፈለጋቸውን ግን አላቆሙም። ሁለተኛውን ከሞስኮ የተመለሰ ጓደኛቸው አመጣላቸው፤ ሦስተኛው ባምቢስ አካባቢ፣ ከአንድ አሮጌ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር መደርደሪያ ጀርባ አቧራ ለብሶ ተገኘ። አራተኛው የተገኘው ካዛንቺስ ሲፈርስ ነው። የአንድ ሟች መሐንዲስ ዕቃ ከቤት ወጥቶ መንገድ ዳር ተከምሮ ነበርና፣ ልዋጩ ካርቶኑን በፕላስቲክ ሳፋ ለውጦ ሊሄድ ሲል ጋሽ ጦይብ ደረሱ። እዚያው ቆመው ኮታቸውን አውልቀው ለወጡት። እትዬ ነፊሳ ይህን ዛሬም ድረስ አልረሱትም።

«ሰው ቤቱ ሲፈርስ ልብሱን ያድናል» ይላሉ። «የእኔው ግን ኮቱን ሰጥቶ ወረቀት ታቅፎ መጣ! እኔ ደግሞ ብርድ ነው ብዬ ሻይ አፈላሁለት፤ ቂል!»

የቀረው አምስተኛው ነበር፤ ኢል-2 የሚባለው፣ ከኋላ ተኳሽ የሚቀመጥበት። እርሱን ሲፈልጉ ዓመታት አለፉ፤ በዚህ መካከል ግላኮማ ቀኝ ዓይናቸውን ወሰደው። ባለፈው ታኅሣሥ ሐኪሙ ግራውን ከመረመረ በኋላ «ረቂቅ ሥራ ካለዎት አሁኑኑ ይጨርሱት፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ላለው ዋስትና አልሰጥም» አላቸው። በዚያው ሰሞን እዚያው በድሮዋ የሶቪየት ከተማ በአልማቲ የቀረ የትምህርት ጓደኛቸው ኢል-2ን አግኝቶ ላከ። ካርቶኑም ጥር ላይ አዲስ አበባ ገባ።

የዕቃ መግለጫ ቅጹን የሞላሁት እኔ ነኝ። የአምስተኛ ዓመት የምሕንድስና ተማሪ ነኝ፤ ክፍሌንም እመራለሁ። ጋሽ ጦይብም «አንቺ ካለሽ ምን እሆናለሁ?» ብለው እስክሪብቶውን ሰጡኝ። በጥንቃቄና በንጹሕ የእጅ ጽሕፈት እንዲህ ብዬ ጻፍሁ፦ «የ1943 ሞዴል ኢል-2 አውሮፕላን፣ ያልተገጣጠመ»።

ሞዴል ስል አምሳያ ማለቴ ነበር። ነገር ግን በዚህ ከተማ ቃሉ ሌላ ሕይወት አለው፤ መንገድ ላይ መኪናው የተሠራበት ዘመን ነው፣ ቢሮ ውስጥ ደግሞ የንብረት ክፍል ደረሰኝ ነው። ይህን የማያውቅ የአዲስ አበባ ልጅ የለም። እኔም አውቅ ነበር፤ በጻፍሁባት ደቂቃ ግን አላሰብሁትም።

ዕቃው የተያዘበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። መስኮቱ ላይ የተቀመጠው ወጣት ሠራተኛ ጉተማ ይባላል። ቅጹን ሁለት ጊዜ አነበበና በመስታወቱ ቀዳዳ አጎንብሶ ጋሽ ጦይብን አያቸው።

«አባባ፣ አውሮፕላን ነው ያስመጡት?»

«አዎ።»

«የ1943?»

«አዎ።»

«በእኛ ነው በፈረንጅ?»

«በፈረንጅ።»

«ያገለገለ ነዋ በቃ!» አለ ወደ ኮምፒውተሩ እየዞረ። «ቪትዝ እንኳ ትንሽ ካረጀ ስንት መከራ አለው፤ እርስዎ የሰማንያ ዓመት አውሮፕላን!»

«ልጄ፣ ሞዴል እኮ ነው።»

«ሞዴል ስንት? አሥራ ዘጠኝ ነው ሃያ ሁለት?»

ከኋላችን የተሰለፈው ሰው ሳቀ። እኔ ጣልቃ ገባሁና የፕላስቲክ አምሳያ መሆኑን፣ ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሃያ ሳንቲ ሜትር ብቻ መሆኑን አስረዳሁ።

«እሺ እህቴ፣ ማለቴ፣ አንቺ ነሽ የጻፍሽው? ያልተገጣጠመ አውሮፕላን ብለሻል። ያልተገጣጠመ አውሮፕላን ደግሞ መለዋወጫ ነው። ሲስተሙ መለዋወጫ ካልኩት ከሚመለከተው አካል ደብዳቤ ይጠይቃል።»

«ካርቶኑን ከፍተህ አትመለከተውም?»

«ደብዳቤ ሳይመጣ አይከፈትም።»

«የሚመለከተው አካል ማን ነው?»

«እሱን ባለጉዳዩ ነው የሚያውቀው።»

በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ዛሬም እንደ አዲስ እናደዳለሁ። አንድ የመንግሥት መስኮት ራሱ የማያውቀውን አካል እንድንፈልግለት ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸውን ሰው ወደ ከተማ ሲልክ በሥራው አላፈረም። ሄድን። አንደኛው ቢሮ «የሚበር ከሆነ ነው እኛን የሚመለከት» አለን። ሁለተኛው «የጦር ነው ብላችኋል፤ ጦር ከሆነ እኛ ምን አገባን?» አለ። ሦስተኛው ዘንድ አንዲት ጸሐፊ፣ ፈገግ እንኳ ሳትል፣ የአብራሪውን ፈቃድ ጠየቀችን። ስሕተቱ የእኔ ስለሆነ አዲስ ቅጽ ልሙላ ብዬ ለመንሁ። አንዴ የተመዘገበ መግለጫ አይሰረዝም ተባልሁ። እንግዲህ በዚያ አሠራር ከእውነተኛው ካርቶን ይልቅ የተሳሳተው ቃል ክብደት ነበረው፤ ካርቶኑ ከመስኮቱ ጀርባ ሦስት እርምጃ ርቆ በዓይናችን እየታየ ማለት ነው።

አሥራ አንድ ጊዜ ተመላለስን። በመጀመሪያው ቀን ጋሽ ጦይብ የሕንፃውን ቁጥር ከኦሎምፒያ በመጣንበት ታክሲ በር ላይ ሳሉ አንብበው ነበር። በስድስተኛው ቀን በር ላይ ደርሰው «ስንት ይላል?» አሉኝ። በዘጠነኛው ክንዴን ይዘው ደረጃውን ወጡ። ሦስት ወር ለመሥሪያ ቤቱ ምንም አልነበረም። ለጋሽ ጦይብ ግን ያ ጊዜ ተመልሶ የማይሞላ ብርሃን ነበር፤ እኔም ይህን በየጊዜው ለጉተማ ነግሬዋለሁ።

«አዝናለሁ እህቴ» ይለኛል። «ግን ሲስተሙ ዓይን አያውቅም።»

ሚያዝያ ላይ የክፍሉ ኃላፊ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ከረጅም ስልጠና ተመለሱ። ጉዳያችንን ቆመው ሰሙ፤ ካርቶኑን ያለ ምንም ደብዳቤ አስመጡና በምላጭ ቀደዱት። አንድ ግራጫ ክንፍ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። ከመዳፋቸው እምብዛም አይበልጥም።

«ይኼ ነው እንዴ?» አሉና ሳቃቸው አመለጣቸው። «ጉተማ! አንተ ልጅ፣ ይኼን ነው ሦስት ወር ያሰርከው?»

«ሲስተሙ ነው የከለከለኝ፣ ትዬ።»

«በሉ አባባ፣ አሻንጉሊት ብለን እንመዝግበው፤ አምስት ደቂቃ አይፈጅም።»

«አሻንጉሊት አይደለም» አልሁ። «እንደዚያ ብለው አይፈርሙም።»

«ታዲያ ምን እንበለው? ከዝርዝሩ ውስጥ ያለው ወይ መለዋወጫ ወይ አሻንጉሊት ነው። ካልፈለጋችሁ ይቆይ፤ ቅዳሜ ግን ጊዜው ያለፈበት ዕቃ ሁሉ ይወገዳል።»

በቁጣ ተሞልቼ መከራከር ጀመርሁ። አውሮፕላን የሚያበር፣ አውሮፕላን የሚጠግን አገር በዝርዝሩ ላይ «አምሳያ» የምትል አንዲት መስመር እንዴት ያጣል? ማን ነው ያረቀቀው? ለማን ነው አቤት የሚባለው? ጋሽ ጦይብ በዚህ መካከል እጃቸውን ዘርግተው ጠረጴዛው ላይ እስክሪብቶ ፈለጉ። ራቅ ብሎ ስለነበር አላገኙትም። ጉተማ አንሥቶ ሰጣቸው።

የአሻንጉሊት ቅጽ የተጠቃሚውን ሕጻን ዕድሜ ይጠይቃል። ጋሽ ጦይብ በትልልቅ ቁጥር 71 ብለው ጻፉ።

«አባባ፣ እዚህ ጋ የሚጻፈው የልጁ ዕድሜ ነው» አላቸው ጉተማ።

«የልጁን ነው የጻፍሁት። ጥርሱን እየነቀለ ያለ ልጅ ነው።»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ፤ ወይዘሮ ተናኘወርቅ ዓይናቸውን በሶፍት ጠረጉ። እኔ አልሳቅሁም። ጋሽ ጦይብም የሳቁት እስከ በሩ ድረስ ብቻ ነበር። ደረጃው ላይ ቆሙ፤ ካርቶኑን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ ጨበጡት።

«አሻንጉሊት ብዬ ፈረምሁ አይደል?» አሉኝ። «ታማራ ይህን ሳታይ እንኳን ሞተች።»

ጠረጴዛቸውን እትዬ ነፊሳ መስኮቱ ሥር አዘጋጅተውላቸው ነበር። ክንፎቹን በጣታቸው እየዳሰሱ አጣበቁ፤ ለዚያ ሥራ ዓይን አላስፈለጋቸውም። ሆዱን ገጠሙ፣ ጎማዎቹን ገጠሙ፤ ቀለሙን እኔ ስሙን እያነበብሁ እርሳቸው ቀቡት። በሁለተኛው ሳምንት አብራሪው ፊት የሚለጠፈው የመሣሪያዎች ሰሌዳ ቀረ። ስስ ልጥፍ ናት፤ የጣት ጥፍር ግማሽ የምታህል፣ ሁሉም ሰዓትና ቀስት በቀለም የታተመባት። ጋሽ ጦይብ በወረንጦ ይዘው ወደ መስኮቱ አስጠጓት። አዞሯት። መልሰው አዞሯት። እትዬ ነፊሳ መጋረጃውን ሙሉ በሙሉ ገለጡላቸው።

«ሩቲ» አሉኝ በመጨረሻ፣ ፊታቸውን ሳያዞሩ፣ «ላዩ የቱ ነው?»

ነገርኳቸው። ካርቶኑ እንደደረሰ፣ ጥር ላይ፣ ቢለቀቅላቸው ኖሮ አይጠይቁኝም ነበር።